ተጨማሪ መረጃ፦ ከነዳጅ ማደያ የተገዛው ማሟያ

በጥር 2011 እ.ኤ.አ. የሜምፊስ ግሪዝሊስ የቅርጫት ኳስ ቡድን ተጫዋች ኦ. ጄ. ማዮ ለ10 ጨዋታዎች ያለ ክፍያ ታገደ። በምርመራ የተገኘበት ዲ.ኤች.ኢ.ኤ. የተባለ፣ በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ በኤን.ቢ.ኤ. የተከለከለ ሆርሞን ነበር። ማዮ እንደተናገረው ምንጩ ከነዳጅ ማደያ የገዛው ማሟያ ነው፤ ምን እንደያዘ ሳያጣራ ነበር የወሰደው። በአሜሪካ ሆርሞኑ ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል። ገበያ የፈቀደውን ግን ሊጉ ላይፈቅድ ይችላል።

ከተፈቀዱት ማሟያዎች መካከል ብዙ ከተጠኑት አንዱ ክሬቲን ነው። የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ይዘላል፣ ለጥቂት ሰከንድ ይፈተለካል፣ ቆም ይላል፣ እንደገና ይዘላል። ለዚህ ፈጣን ጥረት ጡንቻ የሚጠቀመው ኤ.ቲ.ፒ. የተባለ የኃይል ሞለኪውል በሰከንዶች ውስጥ ይመናመናል፤ በፍጥነት መልሶ የሚተካው ፎስፎክሬቲን ነው። በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም የሚወሰድ ክሬቲን በጡንቻ ውስጥ ያለውን የፎስፎክሬቲን ክምችት ያሳድጋል። ጡንቻ ውኃ ስለሚይዝ ግን ክብደት ይጨምራል፤ ለሚዘል ሰው ደግሞ እያንዳንዱ ኪሎ ሸክም ነው። ሰውነት ራሱም ክሬቲን ይሠራል፤ ሥጋና ዓሣም ውስጥ ይገኛል።

ካፌይንም ብርታት ይሰጣል። በጥናቶች የተለመደው መጠን ለአንድ ኪሎ ግራም ክብደት ከ3 እስከ 6 ሚሊ ግራም ነው፤ 80 ኪሎ ለሚመዝን ተጫዋች ቢያንስ 240 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ጨዋታው የማታ ከሆነ ግን እንቅልፍ ይነሳል፤ እንቅልፍን የሚተካ ዱቄት ደግሞ እስካሁን አልታሸገም።

ከጨዋታ በኋላ ለጡንቻ ጥገና ከ20 እስከ 25 ግራም ፕሮቲን ይመከራል። ይህን ለማግኘት የግድ ውድ የፕሮቲን ዱቄት ቆርቆሮ መክፈት አያስፈልግም፤ ሦስት ትልልቅ ብርጭቆ ወተት 24 ግራም ያህል ይይዛል።