ትእዛዙን በጽሑፍ ይስጡኝ

ጉዳዩ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1991 ለንደን ውስጥ ነው። ማርጋሬት ታቸር ጠቅላይ ሚኒስትር ሳሉ ለማሌዥያ አንድ ቃል ገብተው ነበር፤ ለፐርጋው የኃይል ማመንጫ ግድብ ከእርዳታ በጀት ገንዘብ ሊሰጡ። ሒሳቡ 234 ሚሊዮን ፓውንድ ሆነ። የእርዳታ መሥሪያ ቤቱ ባለሙያዎች ሲያሰሉት ማሌዥያ በጋዝ ብታመነጭ በብዙ ይረክስላታል። ከፖለቲካ ሹመት ውጭ የመሥሪያ ቤቱ የበላይ የነበሩት ሰር ቲም ላንኬስተር ይህን ለሚኒስትሮቹ ነገሯቸው። ቃላችንን አናጥፍም አሏቸው።

ላንኬስተር ፋይሉን መሳቢያ ውስጥ አልቀበሩትም። የጽሑፍ ትእዛዝ ጠየቁ። በብሪታንያ አሠራር እንደሳቸው ያለ ኃላፊ ለመሥሪያ ቤቱ ገንዘብ ራሱ ፓርላማ ፊት ይጠየቃል። ወጪው ብክነት ከመሰለው ተቃውሞውን ጽፎ የሚኒስትሩን ፊርማ ይጠይቃል። ከተፈረመ ይፈጽማል፤ ተጠያቂው ግን ፈራሚው ነው፣ ወረቀቱም ለዋናው ኦዲተር ይደርሳል። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዳግላስ ኸርድ ፈረሙ። በ1993 የኦዲት ሪፖርት ጉዳዩን አደባባይ አወጣው፣ በ1994 ፍርድ ቤት ወጪውን ሕገ ወጥ አለው። ላንኬስተር ከሥራ አልተባረሩም፤ በዚያው ማዕረግ የትምህርት ሚኒስቴርን ያዙ።

እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በመንግሥት ሒሳብ ክፍል ነው። የወጪ ሰነድ ይመጣል፣ ደጋፊ ደብዳቤ የለውም፣ ስልክ ይደወላል፦ «ከላይ የመጣ ነው፣ ቶሎ ይውጣ።» ኦዲተር ሲመጣ የደወለው ሰው አይገኝም፤ ሰነዱ ላይ ያለው የሒሳብ ሹሟ ፊርማ ብቻ ነው። «በጽሑፍ ይስጡኝ» ያለች የሥራ ባልደረባችን ወዲያው ወደ ንብረት ክፍል ተዛወረች።

ሠራተኛ ይግዛን ማለቴ ግን አይደለም። ሚኒስትሩን ሕዝብ መርጦታል፣ እኔን የመረጠኝ የለም። ምክሬን ሰምቶ ሌላ ቢወስን መብቱ ነው። ፋይል እያንከባለልኩ ውሳኔውን ባስቀር የመራጩን ድምፅ ሰርቄያለሁ፤ እንዲህ የሚያደርጉ ሠራተኞችን አውቃለሁ፣ ሲብስም አይቻለሁ። ላንኬስተርም እኮ ገንዘቡን ከፈሉ። የጠየቁት ውሳኔው የማን እንደሆነ እንዲታወቅ ነው።

በውለታ የተቀጠረ ሰው ግን ያን ወረቀት አይጠይቅም። እንግሊዞቹ ኖርዝኮትና ትሬቬልያን በ1854 ባቀረቡት ሪፖርት ሠራተኛ በፈተና ይቀጠር ያሉት ለዚህም ይመስለኛል። ክፍት ውድድር የአብዛኛው መሥሪያ ቤት ደንብ የሆነው ግን በ1870 ነው። ሹማምንቱ በወዳጅነት የመቅጠር ሥልጣናቸውን እስኪለቁ 16 ዓመት ፈጀ፤ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ያን ጊዜም አልለቀቀም።