የፊት ጎማ እስክስታ

ከጎሃ ጽዮን አፋፍ እስከ አባይ ድልድይ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያች ርቀት መንገዱ ከ1,300 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። በብስክሌቴ የኋላ መጫኛ ላይ ግራና ቀኝ ሁለት ሻንጣ፣ በላያቸው ድንኳን፣ ከድንኳኑም ኋላ በላስቲክ የታሰረች ውሃ የሞላች ቢጫ ጀሪካን ነበረች። ከፊት ምንም አልጫንኩም። መንገዱ ቀጥ ያለበት ቦታ ስደርስ ፍሬኑን ለቀቅ አደረግኩና ቀኝ እጄን ከመሪው አንስቼ የጃኬቴን ዚፕ ልስብ ስል መሪው መንዘር ጀመረ። ሦስት ሴኮንድ ሳይሞላ የፊት ጎማው ግራና ቀኝ ይላጋ ጀመር። መሪውን በሁለት እጄ አንቄ ያዝኩት፤ ባሰበት። በድንጋጤ ከኮርቻው ብድግ ስል ተወኝ። ለምን እንደተወኝ የገባኝ ግን ከብዙ ወራት በኋላ ነው።

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ይህን ነገር «ሺሚ» ይሉታል። ሺሚ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግስት አሜሪካን ያዳረሰ፣ ገላን ቀጥ አድርጎ ትከሻን የሚያንቀጠቅጥ ጭፈራ ነበር፤ የመኪና መሐንዲሶች የፊት ጎማ ሲርገበገብ ቢያዩ ስሙን ከዳንስ ቤት ተዋሱት። ፈረንሳዮች ደግሞ ጥፋቱን በመሪው ላይ ጥለው «ጊዶናዥ» ብለውታል። ለትከሻ ጭፈራ ከሆነስ እኛ ቃል ቸግሮን ያውቃል? እኔ እስክስታ ነው የምለው። ለቀልድ ብቻ አይደለም። እስክስታ የሚወርድን ሰው አይቶ «ይህ ትከሻ ምን ነካው?» የሚል የለም፤ ከበሮው አለ፣ ወገቡ አለ፣ አጃቢው አለ። ጎማ ሲጨፍር ግን ሰው ሁሉ የሚያየው ጎማውን ብቻ ነው።

መሠረቱን ባጭሩ ልበል። የፊት ጎማ መሬት የሚነካበት ነጥብ፣ የመሪው ዘንግ ወደ ታች ቢቀጥል ከሚያርፍበት ትንሽ ወደኋላ ነው። ስለዚህ ጎማው እንደ ሱፐርማርኬት ጋሪ ጎማ እየተጎተተ ራሱን ያቀናል። ይኼው ነው፤ ብስክሌት የነዳ ያውቀዋል።

ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። ከአባይ ስመለስ ብስክሌቱን ለማውቃቸው አንድ አዛውንት መካኒክ ወሰድኩት። «ጋሼ፣ ፊቱ ይንዘፈዘፋል» አልኳቸው። የፊት ጎማውን ከመሬት አንስተው መሪውን ወዝወዝ አደረጉና «ኩሽኔታው ላልቶ ነዋ ልጄ» አሉ። አጠበቁት። ከልክ በላይ አጠበቁት። መሪው እንደ ዛገ በር በግድ የሚዞር ሆነ፤ እንዲህ የታነቀ ኩሽኔታ ብስክሌቱን ከማወላገዱም በላይ የተቀመጠበትን ብረት ይበላል። ሌላው ወጣት «ቸርኬው ተጣሟል» ብሎ ሽቦዎቹን አንድ ባንድ ወጥሮ አቀናልኝ። ሦስተኛው መኪና የለመደ ነውና «ባላንስ ይፈልጋል» አለኝ። ሦስቱንም ከፈልኩ። ያንኑ ጭነት ጭኜ ከእንጦጦ ስወርድ እስክስታው እዚያው ቆሞ ጠበቀኝ።

የላላ ኩሽኔታ አይታይ፣ የተጣመመ ቸርኬ አይቃና አላልኩም። ሁለቱም መጠገን አለባቸው። ነገር ግን ለባላንስ ባዮች ቀላል ሒሳብ አለኝ። የተለመደው ትልቅ የብስክሌት ጎማ አንዴ ሲዞር 2.1 ሜትር ያህል ይሄዳል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ስትነዱ በሴኮንድ 4 ጊዜ ይዞራል፤ በ60 ስትነዱ 8 ጊዜ። ችግሩ የጎማው ቢሆን ኖሮ ፍጥነታችሁ እጥፍ ሲሆን ምቱም እጥፍ በሆነ ነበር። እስክስታው ግን እንዲህ አያደርግም። በሴኮንድ 5 ወይም 6 ወይም 7 ጊዜ፣ እንደ ብስክሌቱና እንደ ጭነቱ፣ የራሱ ምት አለው፤ ስትፈጥኑ ውዝዋዜው ይሰፋል እንጂ ምቱ ያን ያህል አይቸኩልም። የተጣመመ ቸርኬ በሩን ሊያንኳኳ ይችል ይሆናል፤ ጨፋሪው ግን ቤት ውስጥ ነው።

ጨፋሪው የብስክሌቱ ሙሉ አካል ነው። «ብረት አይደል እንዴ፣ ምኑ ይጨፍራል?» የምትሉ ይህን ሞክሩ። ብስክሌታችሁን እንደ መንገዳችሁ ጫኑት። ከጎኑ ቆማችሁ አንድ እጃችሁን መሪው መሐል፣ አንዱን ኮርቻው ላይ አድርጉና መሪውን ወደ ጎን ገፋ ሳብ፣ ገፋ ሳብ አድርጉት። ከዚያ ዓይናችሁን ወደኋላ መልሱ። መጫኛው ሻንጣዎቹን ይዞ ዘግይቶ ይከተላል፤ እጃችሁ ወደ ግራ ሲመለስ ሻንጣው ገና ወደ ቀኝ እየሄደ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ከኮርቻው ሥር እስከ መሪው የተዘረጋው አግዳሚ ብረት ይጠማዘዛል። እኔ ይህን መጀመሪያ ያየሁት ግቢዬ ውስጥ ነው፤ ለሁለት ዓመት የነዳሁትን ብስክሌት ያኔ የተዋወቅሁት መሰለኝ።

የተጠማዘዘ ብረት እንደ ሞላ ጉልበት ያጠራቅማል፤ ሲመለስ ጉልበቱን ለፊት ጎማው ይሰጣል። ጎማው ደግሞ ልቅና ብሎ ሲመለስ መሐሉ ላይ አይቆምም፤ አልፎ ይሄድና ብረቱን በሌላው ወገን ይጠመዝዘዋል። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ወጪውን የሚሸፍነው ፍጥነታችሁ ነው፤ ጎማው በተጠመዘዘ ቁጥር መሬቱ ወደ ጎን ይገፋዋልና ብስክሌቱ እስከሮጠ ድረስ ዘፈኑ አይቋረጥም።

እኔን ያዳነኝም ይኼው ነው። ኮርቻ ላይ የተቀመጠ ሰው ለዚህ ሞላ እንደ ካስማ ነው። ክብደታችሁን ከኮርቻው አንስታችሁ ፔዳሉ ላይ ስታደርጉ ካስማው ይነቀልና ምቱ ይሳሳታል። ከዚያ የሚሻለው ጉልበት ነው፤ አንዱን ወይም ሁለቱንም ጉልበት አግዳሚው ብረት ላይ ማጣበቅ። የሰው ሥጋ ለስላሳ ነው፤ ንዝረቱን ይውጠዋል። እጅን ማላላት፣ መሪውን ግን አለመልቀቅ። ፍሬን ቀስ እያሉ፣ የኋላውን አስቀድሞ። መሪውን አንቆ መያዝ ብዙውን ጊዜ የራስን ትከሻ ከጭፈራው መጨመር ነው።

አውሮፕላን ጥገና ላይ ለሚሠራ ወዳጄ ይህን ሳጫውተው ሳቀብኝ። የትንንሽ አውሮፕላኖች የአፍንጫ ጎማ ሲያርፉ እንዲሁ ይሆናልና ዘይት የያዘ ማብረጃ ይገጠምለታል። ፈጣን ሞተር ሳይክሎችም መሪያቸው ላይ ተመሳሳይ አላቸው። «ለብስክሌትስ?» አለኝ። ጉልበቴን አሳየሁት።

አግዳሚው ዝቅ ያለ፣ በቀሚስ የሚነዳ ብስክሌት ያላችሁ ጉልበታችሁን የምታጣብቁበት የላችሁም፤ ያ ቅርጽ ደግሞ ከሌላው ይበልጥ ይጠማዘዛል። የእናንተ መድኃኒት ከኮርቻ መነሣትና ጭነት መቀነስ ነው። ሌላው ሰው የማያስበው ብርድ ነው። ማለዳ ከእንጦጦ በስስ ሹራብ ስትወርዱ ገላችሁ ይንቀጠቀጣል፤ ያ መንቀጥቀጥ በክንዳችሁ ወርዶ እስክስታውን ሊቀሰቅሰው ይችላል። ስለዚህ ጃኬቱን ከላይ ቆማችሁ ልበሱ። ዚፑን እየነዳችሁ የምትዘጉ ሰዎች፣ እኔን ጨምሮ፣ ቁጣ ይገባናል።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ጀሪካኑ ነው። ውሃ ከባድ ነው፣ ይንቦጫረቃል፤ ሰው ደግሞ ከመጫኛው ጫፍ፣ ከኋላ ጎማው ዘንግ አልፎ፣ በሚለጠጥ ላስቲክ ያንጠለጥለዋል። ለብስክሌቱ ጅራት አበጀለት ማለት ነው። ከባዱ ዕቃ ዝቅ ብሎ፣ ወደ ኮርቻው ተጠግቶ፣ በማይለጠጥ ገመድ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰር። ከፊሉም ወደ ፊት ይሂድ፤ በፊት ጎማው ግራና ቀኝ፣ ዘንጉ አጠገብ፣ እኩል እኩል ሆኖ። ፊቱ ሲከብድ መሪው ይሰንፋል ብለው የሚፈሩ አሉ። ይሰንፋል፤ ቁልቁለት ላይ የምፈልገውም ስንፍናውን ነው።

በዓመቱ ያንኑ መንገድ ወረድኩ። ያው ብስክሌት፣ ያው ቸርኬ፣ ኩሽኔታውን ብቻ እንደ ልኩ አላልቼዋለሁ። ሁለት ትንንሽ ሻንጣ ከፊት፣ ውሃው በጀሪካኑ ፈንታ በሁለት ኮዳ ተከፍሎ አግዳሚው ሥር። ያቺ ቀጥ ያለች ቦታ ስደርስ ፍጥነቴ 50 ነበር። ከኋላ መኪና አለመኖሩን አየሁና ቀኝ ጉልበቴን ብረቱ ላይ አጣብቄ መሪውን በመዳፌ ጠርዝ መታ አደረግኩት፤ እናንተ አትሞክሩት። አንዴ ተርገበገበ፣ ሁለቴ ተርገበገበ፤ ሦስተኛው አልመጣም።