የጢም መላጫ ዕቃ በምን ይበላሻል?

ጧት በጥድፊያ ጢሙን ተላጭቶ ወደ ቢሮ ወይም ወደ ትምህርት ቤት የሚሮጥ ሰው መላጫውን የት ትቶት እንደ ሄደ ቢጠየቅ፣ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ እዚያው ውሃ በቋጠረው የሳሙና ማስቀመጫ ላይ። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ምላጩ ቆዳ ሲቧጥጥና ጠጉር ሲነጭ፣ «የዛሬ ምላጭ እንደ ድሮው አይደለም» እያለ ባለሱቁን ይወቅሳል። ባለሱቁ ምን ጊዜም ንጹሕ ነው ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን ደኅና ሆኖ ተገዝቶ በባለቤቱ እጅ ያለ ዕድሜው የሚሞተው ምላጭ፣ ብሩሽና መላጫ እጅግ ብዙ ስለ ሆነ፣ አንባቢ ሆይ፣ ስለዚሁ ጥቂት ልንነጋገር ይገባል። ጉዳዩ የጥቂት ብር ብቻ አይደለም፤ የፊትዎም ጉዳይ ነው።

በቅድሚያ ስለ ምላጩ። በመያዣ ውስጥ እየገባ የሚሠራውንና ሲደንዝ የሚጣለውን ስስ ምላጭ ለዓለም ያስለመደው ኪንግ ካምፕ ጂሌት የተባለው አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 ሽያጭ ሲጀምር በዓመቱ ውስጥ የሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነበር። በ1904 የፈጠራ መብቱን አገኘ፤ ከዚያም በኋላ ንግዱ እየገነነ ሄደ። ከእርሱ በፊት አብዛኛው ሰው የሚላጨው በታጣፊ ምላጭ ሲሆን፣ ባለቤቱ በድንጋይ ይስለዋል፣ በቆዳ ጠፍር ያፋትገዋል፣ አድርቆ ዘይት ይቀባዋል፤ ሲያረጅም ለልጁ ያወርሰዋል። ጂሌት ይህን ሁሉ ድካም አስቀረ። ይሁን እንጂ «የሚጣል ነገር እንክብካቤ አያሻውም» የሚለው ሐሳብ አብሮ ሳይገባ አልቀረም፤ እንደሚመስለኝ የዛሬው ቸልታችን ሥሩ እዚህ ላይ ነው።

በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ዊልኪንሰን ሶርድ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ከማይዝግ አረብ ብረት የተሠራ ምላጭ ለገበያ ባቀረበ ጊዜ ሌሎቹም ተከተሉት። «የማይዝግ» የሚለው ቃል ግን ያታልላል። ብረቱ ዝገትን በብርቱ ይቋቋማል እንጂ ፈጽሞ አይነካም ማለት አይደለም። የስለቱ ጫፍ ደግሞ በዐይን ሊለይ የማይችል ስስ ስለ ሆነ፣ በማንኪያ ላይ ቢታይ ከቁም ነገር የማይቆጠር ጉዳት ለእርሱ ትልቅ ጉዳት ነው።

ለመሆኑ ይህን የሚያህል ለስላሳ ጠጉር አረብ ብረትን እንዴት ያደነዝዛል? በአሜሪካ አገር የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ይህንኑ ጠይቀው፣ መልሱን እ.ኤ.አ. በ2020 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት አውጥተዋል። ጠጉር ከምላጭ ብረት 50 ጊዜ ያህል የለሰለሰ ነው። ነገር ግን ጠጉሩ ጎንበስ ብሎ ስለቱን በሰያፍ ሲያገኘውና ያ ቦታ የብረቱ ውስጣዊ አሠራር ያልተስተካከለበት ሲሆን፣ ከጫፉ ላይ ደቃቅ ስባሪ ይነሣል። እንግዲህ ምላጩ ቀስ በቀስ ከማለቁ በላይ ይሸረፋል ማለት ነው። በሙቅ ውሃ የራሰ ጠጉር ደግሞ ከደረቁ ይልቅ በቀላሉ ይቆረጣል። ስለዚህ ፊትን ታጥቦ፣ አረፋውን ቀብቶ አንድ ሁለት ደቂቃ መቆየት ለቆዳዎ ብቻ ሳይሆን ለምላጩም ይበጃል።

በአገራችን ቤት ግን ምላጭ የአንድ ሰው ንብረት ሆኖ አያውቅም። ታናሽ ወንድም እርሳሱን ይቀርጽበታል፤ እኅት ስፌት ትተረትርበታለች፤ ሌላው ጥፍሩን ይቆርጥበታል፤ ከዚያም በኋላ ምንም እንዳልተደረገ ሆኖ ወደ መላጫው ይመለሳል። (መምህር የሆነ ሰው ከተማሪ ደብተር መካከል በወረቀት የተጠቀለለ ግማሽ ምላጭ ሲወድቅ ሳያይ አይቀርም።) እንጨት የቀረጸ ስለት ፊት ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚያደርግ የቀመሰው ያውቀዋል። መድኀኒቱ ቀላል ነው፤ ያረጀውን ምላጭ ለቤተሰቡ ለይተው ይስጡ፣ የእርስዎን ደግሞ ከዐይን ያርቁ።

ከቸልታ ይልቅ የሚያሳዝነው ግን ከመጠን ባለፈ ንጽሕና የሚደርሰው ጥፋት ነው። አንድ አዲስ ተቀጣሪ የሆነ ወጣት አውቃለሁ። አባቱ ሃያ ዓመት ሙሉ የተላጩበትን መላጫ ከነብሩሹ ሰጡት። እርሱም «ጀርሙን ልግደል» ብሎ ሁለቱንም በድስት ውስጥ ጨመረ፣ ውሃ ሞላ፣ በረኪና አከለ፣ ከምድጃው ላይ ጥዶ አፈላ፤ እንዲያውም ሌሊቱን እዚያው አሳደረው። ጧት ሲከፍተው የብሩሹ ጠጉር በውሃው ላይ ተንሳፍፎ፣ የመላጫውም አናት ተልጦና ጠቋቁሮ አገኘው። አባቱ ምንም አልተናገሩም፤ ወጣቱም ከሁሉ የከበደኝ ይኸው ዝምታ ነው ይላል።

የሆነው ነገር በኬሚስትሪ ትምህርት በቀላሉ ይገለጣል። የብሩሹ ጠጉር ከባጀር ወይም ከአሳማ የሚገኝ፣ እንደ እኛው ጠጉር ከፕሮቲን የተሠራ ነው፤ በረኪና ፕሮቲንን ያሟሟል። የፈላ ውሃም ጠጉሩን ከእጀታው ጋር ያያዘውን ሙጫ ያላላል። የመላጫው አናት ደግሞ፣ እንደ ብዙዎቹ ርካሽ መላጫዎች፣ ከዚንክ ቅይጥ ተቀርጾ በላዩ ስስ የብረት ቅብ የተለበጠ ነበር። ቅቡ አንድ ቦታ ከተቀደደ ከሥሩ ያለው ዚንክ በፍጥነት ይበላል፤ ቅቡም እየተነሣ ይረግፋል። ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚታየው ያለ ነጭ የውሃ ቅርፊት መላጫው ላይ ሲጋገር በኮምጣጤ ማጥፋት ይቻላል፤ ነገር ግን ኮምጣጤው በውሃ ይቅጠን፣ ጊዜውም የደቂቃዎች ይሁን። ረስተው ካሳደሩት ኮምጣጤም ያንኑ ያደርጋል። ለየዕለቱ ለብ ያለ ውሃ፣ ሳሙናና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል።

ብሩሹን ሲያጥቡ አረፋው እስኪጠራ ድረስ በውሃ ያለቅልቁት፣ በእጅዎ ጨመቅ አድርገው ያራግፉት። እንደ ልብስ አይጠምዝዙት፤ ጠጉሩ ከሥሩ ይበጠሳል። ተሰቅሎ ይድረቅ ወይስ ቆሞ እያሉ የሚከራከሩ አሉ፤ ዋናው ነገር ግን ነፋስ ማግኘቱ ነው። እርጥብ ብሩሽ በቆርቆሮ ውስጥ ተዘግቶ ከከረመ ይሻግታል፤ ከእንጨት የተሠራ እጀታም ውሃ ውስጥ ከቆየ ያብጥና ይሰነጠቃል።

ምላጩን በፎጣ አይጥረጉት። ስለቱ ይጎዳል፣ ጣትም ይቆረጣል። የመላጫውን ብሎን ላላ አድርገው፣ በውሃ አጥበው፣ ሁለት ሦስት ጊዜ አራግፈው ከውሃ ርቆ እንዲደርቅ ይተዉት። ብሎኑን ሲያጠብቁም በጣት ጫፍ ይሁን፤ ባዶ ቱቦ የሆነ እጀታ በጉልበት ሲጠብቅ ይሰነጠቃልና። ሳሙና በነካው እጅ መላጫን በሲሚንቶ ወለል ላይ መያዝም አደገኛ ነው። አናቱ በጥቂቱ እንኳ ከተጣመመ ምላጩ በአንድ ወገን ይበልጥ ይወጣል፤ አዲስ ምላጭ ቢያስገቡም ያደማዎታል።

ወደ ፊታችን እንመለስ። የእኛን የመሰለ የተጠቀለለ ጢም ያለው ሰው ሲላጭ፣ የተቆረጠው ሹል ጫፍ ተመልሶ ወደ ቆዳ እየገባ እብጠት ያወጣል። የደነዘ ምላጭ ሰውየውን አጥብቆ እንዲጫንና አንዱን ቦታ ደጋግሞ እንዲልግ ስለሚያስገድደው ቁጣውን ያብሳል። ጠጉሩ በሚያድግበት አቅጣጫ በቀስታ መላጨት ይሻላል። የአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች ማኅበር ምላጭ ከ5 እስከ 7 ጊዜ ካገለገለ በኋላ እንዲለወጥ ይመክራል። ጢምዎ ከባድ ከሆነ ከዚያም አስቀድሞ ሊነጩ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ቁጥሩን ሳይሆን ቆዳዎን ይስሙ። ከጓደኛ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩም ቢሆን በምላጭ አይጋሩ። በዐይን በማይታይ የደም ቅሪት ሄፓታይተስ ቢን የመሰለ የጉበት በሽታ ይተላለፋል።

ያገለገለውን ምላጭ የት እናድርገው? በአሜሪካ አገር ድሮ የመታጠቢያ ቤት ቁም ሣጥን በጀርባው ቀዳዳ ነበረው፤ አሮጌው ምላጭ በዚያ በኩል በግድግዳው ውስጥ እየተጣለ ይቀር ነበር። ዛሬ አሮጌ ቤት የሚያፈርሱ ሠራተኞች የዛገ ምላጭ ክምር ያገኛሉ። እኛ ባዶ የወተት ቆርቆሮ ወስደን፣ ክዳኑን ሰንጥቀን፣ በዚያ ብናጠራቅም ይበቃል። ሲሞላም አፉን በደንብ ደፍኖ መጣል ነው፤ ቆሻሻውን በእጁ የሚያነሣ ሰው አለና።