የአያቴ ክኒንና የዘጠኝ ሰዓት ጾም

ባለፈው ዐቢይ ጾም አንድ ቅዳሜ ከኦክላንድ ሳን ሆዜ ወርጄ አያቴን ስጠይቅ እግራቸው አብጦ አገኘሁት። ጉልበታቸውን ቁርጥማት እንደሚያሠቃያቸው ሁላችንም እናውቃለን። ይህ ግን ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ነው፤ በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል።

የመድኃኒቱን ዕቃ አየሁት። ዲክሎፌናክ 75 ሚሊ ግራም፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከምግብ ጋር ይላል።

«ታዲያ ጠዋት ምን በልቼ ልውሰደው?» አሉኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለሚጾሙ የጠዋቱን ትተው ማታ ሁለቱን አንድ ላይ ይውጡ ነበር። ለመዋጥ ሲከብዳቸው ደግሞ ይሰብሩታል። «ድምሩ ያው አንድ ነው፣ ልጄ።»

የፋርማሲ ትምህርት ጀማሪ ነኝ፤ ድምሩ ለምን አንድ እንዳልሆነ ለማስረዳት ግን ደብተሬን መግለጥ ነበረብኝ። በየቤታችን እንዲህ የሚያደርጉ አያቶች ስላሉ ለእናንተም ልንገራችሁ።

ክኒኑ የጨጓራ አሲድ የማይበግረው ሽፋን አለው፤ የሚሟሟው ትንሹ አንጀት ሲደርስ ነው። ሲሰበር ያ ሽፋን ከንቱ ይሆናል። በባዶ ሆድ ሲዋጥ ደም ውስጥ ከፍተኛው መጠን ላይ የሚደርሰው በሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ከምግብ ጋር ሲሆን ግን ወደ ደም መግባት የሚጀምርበት ጊዜ ከ1 እስከ 4 ሰዓት ተኩል ሊዘገይ ይችላል፤ የሚገባው ጠቅላላ መጠን ያን ያህል አይቀየርም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ በልቶ ይውጥና ሕመሙ በአንድ ሰዓት ስላልተወው አድቪል ይደርብበታል። ከአዲስ አበባ በሻንጣ የመጣ ዲክሎፌናክ የሚደርብም አይቻለሁ። ሁሉም የአንድ ቤተሰብ መድኃኒቶች ናቸው።

ከአንጀት የተወሰደውን ግማሽ ያህሉን ጉበት ገና በመጀመሪያው ዙር ይሰባብረዋል። የቀረውም ቢሆን በየሁለት ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ታዲያ በቀን ሁለቴ እንዴት ይበቃል? ደም ውስጥ ሲበዛ ወደ መገጣጠሚያው ፈሳሽ ሰርጎ ይገባል፤ ደም ውስጥ ካነሰ በኋላም እዚያ ይቆያል። ስለዚህ የአያቴ የማታ እጥፍ ለጠዋቱ ጉልበት አይጠራቀምም። የሚያተርፉት በአንድ ጊዜ ከፍ ያለ መጠን ብቻ ነው።

«ከምግብ ጋር» የሚለውም ሙሉ ጋሻ አይደለም። ጆን ቬን በ1971 እንዳሳየው፣ አስፕሪንና መሰሎቹ ሕመም የሚያስታግሡት ፕሮስታግላንዲን የተባሉት ንጥረ ነገሮች እንዳይመረቱ በማገድ ነው፤ ለዚህም በ1982 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። እነዚሁ ፕሮስታግላንዲኖች ግን የጨጓራን ግድግዳ ይጠብቃሉ፤ ውኃ ባነሰ ጊዜም ለኩላሊት የደም መንገዱን ክፍት ያደርጋሉ። መድኃኒቱ ጨጓራን በደምም በኩል ይጎዳዋል። አያቴ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አይቀምሱም፤ የደም ግፊት መድኃኒትና የሚያሸና ክኒንም ይወስዳሉ። ሦስቱ ከውኃ ጥማት ጋር ሲገናኙ ኩላሊት ላይ የሚበረታ የለም።

ሰኞ ሐኪማቸው ዘንድ ወሰድናቸው። የደም ምርመራው ኩላሊታቸው መድከሙን አሳየ፤ ክኒኑ ወዲያው ቆመ። ስለ ጾሙ ማንም ጠይቋቸው አያውቅም፣ እሳቸውም አልተናገሩም። ረመዳን ለሚጾሙ ዘመዶቻችንም ነገሩ ያው ነው፤ ጾሙ ሳይገባ ሐኪሙን ወይም ፋርማሲስቱን ብትጠይቁ ሰዓቱን ማሸጋሸግ፣ መድኃኒቱንም መቀየር ይቻላል። ያመለጠ ክኒን ግን በሚቀጥለው ላይ አይደረብም።

አሁን የሚቀቡት የዲክሎፌናክ ጄል ነው፤ ከ2020 ጀምሮ እዚህ አገር ያለ ማዘዣ ይሸጣል። ለጉልበት በአንድ ጊዜ 4 ግራም፣ በቀን አራት ጊዜ ነው፤ አብሮት የሚመጣው መለኪያ ካርድ ይለካዋል። ወደ ደም የሚገባው ከክኒኑ 6 በመቶ ያህል ነው፤ ቢሆንም ለእሳቸው የኩላሊት ምርመራው እንዳይቋረጥ ታዟል። በላዩ ፋሻም ሆነ የሞቀ ነገር አይደረግም፤ ጋቢ አሙቀው መጠቅለል ለለመዱት አያቴ ይህ ከባድ ሆኖባቸዋል።

አክስቴ ካርቶኑ ላይ «8» ብላ ጽፋላቸው ነበር፤ እሳቸው በእኛ ሰዓት ስምንት ላይ፣ በአሜሪካ ከቀኑ ሁለት ሰዓት መሆኑ ነው፣ ተቀቡት። «ጠዋት ሁለት ሰዓት» ብለን አረምነው። የንስሐ አባታቸው ለታመመ ሰው ጾሙ እንደሚቀልለት ስለነገሯቸው ውኃውን እሺ ብለዋል። ማታ ደውለው የጠየቁኝ ሌላ ነው፦ «ይሄ ቅባት፣ ቅቤ የለውም አይደል?»