ፈትሉ፣ ዳንቴሉና ሹራቡ በአንድ ቤት

እንጅባራ ላይ ክረምት ሲገባ ጋቢ ጌጥ አይደለም። እርስዎ ግን ለአባትዎ ያሰቡትን የጋቢ ፈትል ሳይጨርሱ የልጅ ሹራብ ጀምረው፣ ሹራቡ እጅጌው ላይ ሲደርስ ደግሞ የሶፋ ዳንቴል ይዘው ይሆናል። (ጥልፉንማ ባናነሳው ይሻላል።)

ብዙ መጀመርዎ ክፋት የለውም፤ ለየሥራው ጊዜውን መለየት ነው። ጥልፍ ዓይን ይፈልጋል፤ የቀን ብርሃን ይስጡት። ዳንቴል ኪሮሽና አንድ ክር ብቻ ስለሚጠይቅ ከቦርሳዎ አይለይ፤ ዳንግላ መናኸሪያ ሚኒባሱ እስኪሞላ ሁለት ዙር ይወጣዋል።

ፈትል ግን እንዲህ አይደለም። ድር ቀጥኖና ጠንክሮ ይፈተላል፤ ማግ ወፈርና ላላ ይላል። ዛሬ ጥቂት ፈትለው ከሦስት ወር በኋላ ቢመለሱበት እጅዎ ይለወጣል፤ የክሩ መወፈርና መቅጠን ሸማኔው ሠርቶ ሲያወጣው ጋቢው ላይ ይታያል። ስለዚህ ጥጡን ዳምጠው በደጋን ከነደፉ በኋላ እንዝርቱን አያስቀምጡት። ቡና እስኪፈላም ቢሆን በየቀኑ ጥቂት ይፍተሉ። ጋቢ አራት ድርብ ነውና ብዙ ክር ይበላል፤ ለሰኔ ካሰቡት ልቃቂቱን ከአሁኑ ይቁጠሩ። ጊዜ ካጠረዎት ድሩን የፋብሪካ ክር አድርገው ማጉን ብቻ ይፍተሉ። አያቶቻችን ቅር ይላቸው ይሆናል፤ ጋቢው ግን ይሞቃል።

ሹራቡስ? የልጁ ክንድ ሳይረዝም እጅጌውን ይጨርሱለት።