መምህርን በርቀት ማሠልጠን

የመምህራን የርቀት ትምህርት መምህሩ ከሥራው ሳይለይ የትምህርት ደረጃውን የሚያሻሽልበት መንገድ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ተፈላጊነቱ የጨመረው ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ነው። በአንድ በኩል በየቀበሌው ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በሌላ በኩል በሰርተፍኬት ሲያስተምር የኖረው መምህር ዲፕሎማ እንዲይዝ ተጠየቀ። ሁሉም ኮሌጅ ቢገባ ልጆቹን የሚያስተምር አይኖርም ነበር። ስለዚህ የክረምት ኮርስና የርቀት ትምህርት ዋና መንገድ ሆኑ።

በወረቀት ሲታይ አሠራሩ ቀላል ነው። ሠልጣኙ ሞጁል ይወስዳል፣ አሳይንመንት ይሠራል፣ ቅዳሜና እሑድ ቲቶሪያል ይከታተላል፣ ከዚያ ይፈተናል። በሰሜን ወሎ እንዳለው እንደ ሀብሩ ባለ ወረዳ ግን የቦታው ርቀት ራሱ ትምህርቱን ይወስነዋል። የወረዳው ከተማ መርሳ ያለችው ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ነው፤ እዚያ ያለ መምህር መኪና ይዞ ለቲቶሪያል ወልድያ ይደርሳል። ወደ አፋር በሚወርደው ቆላ ቀበሌ የሚያስተምረው ግን መጀመሪያ አስፋልቱን መድረስ አለበት። ቲቶሪያል ሲያመልጠው የሚቀረው ሞጁሉ ብቻ ነው።

ጥራቱ የሚጓደለውም በዚህ ብቸኝነት ውስጥ ነው። ሠልጣኙ ያልገባውን የሚጠይቀው ሰው ሲያጣ ከጓደኛ ይገለብጣል፤ በገንዘብ የሚያሠራም አለ። የታረመው ወረቀት ውጤት ብቻ ተጽፎበት ሲመለስ ስህተቱ የት እንደሆነ ሳያውቅ ወደሚቀጥለው ኮርስ ያልፋል።

በ2002 ዓ.ም. መጨረሻ ትምህርት ሚኒስቴር በጥራት ምክንያት የርቀት ትምህርትን በሙሉ አገደ፤ የግል ተቋማትንም ከመምህራን ሥልጠና አስወጣ። የርቀቱ እገዳ ብዙ ሳይቆይ በጥብቅ መስፈርት ተነሣ። ዘዴው በራሱ ጥፋተኛ እንዳልሆነ ታንዛኒያ ትመሰክራለች፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን ለሁሉም ልጆች ስታዳርስ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ መምህራንን ያሠለጠነችው በርቀት ነው።

እንዲያውም በርቀት የሚማር መምህር የኮሌጅ ሠልጣኝ የሌለው ሀብት አለው፤ በየቀኑ ከፊቱ የሚቀመጡ ተማሪዎች። የኮሌጁ ሠልጣኝ ትምህርት ቤት የሚወጣው ለልምምድ፣ ለተወሰነ ጊዜ ነው። አሳይንመንቱ «የማስተማር ዘዴዎችን ዘርዝር» ሳይሆን «አምስት ልጆች ጮክ ብለው እንዲያነቡ አድርግ፤ የተሰናከሉበትን ፊደል መዝግብ፤ በሚቀጥለው ሳምንት አቀራረብህን ለውጠህ ውጤቱን ጻፍ» ቢል፣ ከጓደኛ መገልበጥ ይከብዳል፤ ልጆቹም በዚያው ይጠቀማሉ።

ሠልጣኙ ክፍል ውስጥ የሚሠራውን የሚያይ ዓይን ግን ያስፈልጋል። የወልድያ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ አሠልጣኝ ሁሉም ቀበሌ መድረስ አይችልም፤ ርዕሰ መምህሩና የጉድኝት ማዕከሉ (በአቅራቢያ ያሉ ትምህርት ቤቶች የሚደጋገፉበት ማዕከል) ሱፐርቫይዘር ግን ቅርብ ናቸው። ክትትሉን ሁሉ ለኢንተርኔት መተውም አያዋጣም። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ በዚያ ጊዜ በመምህሩ እጅ የነበረው የታተመ ወረቀትና በአቅራቢያው ያለ ባልደረባ ነው።

ፕሮግራሙን የሚመዝን አካል የተመራቂውን ቁጥር ከመጠየቁ በፊት ሠልጣኙ ሲያስተምር ስንት ጊዜ እንደታየ ይጠይቅ። አንድም ጊዜ ክፍል ገብቶ ሳያየው ዲፕሎማ የሚሰጥ ፕሮግራም መታረም አለበት።