የመኪናውን ወንበር ውሃ አታጠጡት
ላቫጆ ውስጥ ስሠራ በብዛት የማየው ጥፋት የውሃ ብዛት ነው። ጨርቁ ላዩን ቢደርቅም የውስጡ ስፖንጅ እርጥበት ይዞ ይቆያል፤ ሻጋታውና ሽታው የሚመጣው ከዚያ ነው። እኔ መጀመሪያ አቧራውን በማሽን እስባለሁ፤ ስፌት መሃል የገባ አሸዋ ክሩን ይበላልና። ከዚያ የሳሙናውን አረፋ ብቻ ቀብቼ በለስላሳ ብሩሽ አሻለሁ፣ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ አነሳዋለሁ፣ በሮቹን ከፍቼ አናፍሳለሁ። ወተት ወይም ደም ከፈሰሰ ውሃው ቀዝቃዛ ይሁን፤ ሙቅ ውሃ እድፉን ያጸናዋል። በረኪና በፍጹም!

የቆዳ ወንበር በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ የቆዳ ቅባት ይፈልጋል፤ ፀሐይ ላይ ከዋለ ቶሎ ይሰነጠቃል። አዲስ ልብስ ስታለብሱ ደግሞ አደራ፦ ወንበሩ የጎን ኤርባግ ካለው ልብሱ መውጫውን እንዳይዘጋው። ኤርባግ መኖሩን ወንበሩ ጎን ላይ ከተሰፋው ምልክት ታውቃላችሁ።